«ደህና ነኝ» ያለችኝን ልጅ አምኜ አጫወትኳት

የመሀል ተከላካይ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። እኔም ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ መሀል ተከላካይ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን አስቀድሜ ልናገር።

ከሦስት ሳምንት በፊት በነበረን ጨዋታ፣ ለእረፍት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ የተጋጣሚ ተከላካይ ከቅርብ ርቀት በኃይል የመታችው ኳስ የአማካያችንን ጆሮ ግንድ አገኘው። ልጅቷ አልወደቀችም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተንገዳገደችና ቆመች። ከመስመሩ ውጭ ሆኜ «ደህና ነሽ?» ብዬ ጮህኩ። አውራ ጣቷን አሳየችኝ። በእረፍት ሰዓት ራሷ ላይ ውሃ አፈሰስንላት፤ «ደህና ነኝ፣ እንዳትቀይሪኝ» አለችኝ። ጥንካሬዋን አደነቅኩላት፤ በሌሎቹ ልጆች ፊትም አመሰገንኳት።

በሁለተኛው አጋማሽ ጎል አገባች። ሁላችንም አቀፍናት። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን «አሸነፍን እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ያገባችውን ጎል አታስታውሰውም።

ሐኪሙ የአንጎል መናወጥ ነው አለ። እስከ አሁን ብርሃን ይረብሻታል፤ አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያው ላይ ምን እንደነበረ ይጠፋባታል፤ በትንሽ ትልቁ ታለቅሳለች። እናቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እሱ ራሱ ከብዶኛል።

ሐኪም በሌለበት ሜዳ ላይ እንዴት ነው የምትወስኑት? ሴቶች ላይ ይብሳል የሚባለውስ እውነት ነው?


ፊዚዮቴራፒስት፦

እህቴ፣ ይህን በግልጽ በመጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ያደረግሽው ብዙዎቻችን ያደረግነውን ነው፤ እኔም ሙያውን ከመማሬ በፊት አድርጌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። ራሷን የተመታች ተጫዋች ስለ ራሷ ልትመሰክር አትችልም። የተጎዳው የሰውነት ክፍል፣ መጎዳቷን ሊነግራት የሚገባው አካል ነው። ቁርጭምጭሚቷ የተጠመዘዘ ልጅ ብትዋሽሽ እያነከሰች ታጋልጣለች፤ አንጎል ግን አያነክስም። ስለዚህ «ደህና ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፍሽ አውጪው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

በምትኩ በዓይንሽ ተመልከቺ። ከምቱ በኋላ ሳትንቀሳቀስ ቀረች? ስትነሳ ቀስ አለች? ተንገዳገደች? ፊቷ ባዶ ሆነ? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጨዋታዋ አብቅቷል። ያንቺ ልጅ ሁለት እርምጃ ተንገዳግዳለች፤ ውሳኔው እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ብዙ ሰው መሳትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው አሥር ሰዎች መካከል ራሱን የሚስተው አንድ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ የምትጠይቂያት ጥያቄ ካለሽ ስሟንና ቀኑን አትጠይቂያት፤ እነሱን ትመልሳለች። «የት ሜዳ ላይ ነን? የትኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን? አሸነፍን?» በይ። አንዱን ከሳተች ትወጣለች። ልብ በይ፣ ሁሉንም ብትመልስም ነጻ ናት ማለት አይደለም። ጥያቄዎቹ ለማስወጣት ያገለግላሉ፤ ለመመለስ ፈቃድ አይሆኑም። ለሐኪሞች የተዘጋጀው ሙሉ ምርመራ በአግባቡ ከተሠራ ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በመስመር ዳር በሰላሳ ሰከንድ ማንም ሊያጣራው አይችልም።

የአንገት ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መንፈራገጥ፣ እየጨመረ የሚሄድ እንቅልፍ ወይም መቅበጥበጥ ካየሽ ግን ለነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻዋን አትተዋት።

ሌላም ነገር አለ። ሲቲ ስካን «ምንም የለም» ቢል አትታለሉ። ስካኑ የሚፈልገው የደም መፍሰስንና ስብራትን ነው። መናወጥ የአሠራር መታወክ ስለሆነ በሥዕሉ ላይ አይታይም።


የ30 ዓመት አሠልጣኝ፦

ልጆቼ፣ አትቆጡኝና እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ኳስ ራሱን ያልመታው ተጫዋች አላየሁም። ውሃ አፍስሰንበት፣ ትንሽ አርፎ ይመለሳል። አሁን በተነካች ቁጥር ልጅቷን ካስወጣን ልጆቹ ፈሪ ሆነው ያድጋሉ። ሴቶቹ ደግሞ «ደካማ ናችሁ» እየተባሉ ስንት ዓመት ታግለው እዚህ የደረሱ ናቸው። እኛው ራሳችን «አንጎላችሁ ደካማ ነው» ካልናቸው፣ ከሜዳ ሊያባርራቸው ለሚፈልግ ሰው ዱላ አቀበልነው ማለት ነው። ይህ በቅንነት የምፈራው ነገር ነው።


በረኛዋ፦

ጋሼ፣ የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ እኔም ፈርቼው ስለነበር ነው ዝም ያልኩት። የዝምታዬን ዋጋ ልንገርዎት።

ከአጥቂ እግር ሥር ኳስ ለማንሳት ጎንበስ ባልኩበት ጉልበቷ ሰረሰሬን መታኝ። ተነሳሁ። ሁለተኛ በረኛ አልነበረንም፤ ከወጣሁ ሜዳ ተጫዋች ጓንት ማጥለቋ ነው። ስለዚህ ቆየሁ። የቀረውን ጨዋታ የማስታውሰው እንደ ተቀደደ ፎቶግራፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር በቀን ሁለት ጊዜ ራሴን እያመመኝ ኖርኩ። የሚያሳዝነው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ስብራት ቢሆን ጄሶ ይታያል፣ ሰው ያዝንልሻል። እኔ ግን ከውጭ ስታይ ጤነኛ ነበርኩ፤ «ሰነፍ ሆነች» ተባልኩ።

ብቸኛ አለመሆኔን ያወቅኩት የብሪያና ስከሪን ታሪክ ሳነብ ነው። በ1999 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የቻይናን ፍጹም ቅጣት ምት አድና አሜሪካን ዋንጫ ያስነሳችው በረኛ ናት፤ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤትም ናት። በ2010 ለዋሽንግተን ፍሪደም ክለብ ስትጫወት፣ ዝቅ ብላ ኳስ ስትይዝ የአጥቂዋ ጉልበት የራሷን ጎን መታት። እስከ እረፍት ተጫወተች። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልተጫወተችም። ራስ ምታቱ፣ የሚዛን መጥፋቱና ጭንቀቱ ዓመታት ፈጀ፤ ገንዘብ ሲቸግራት የወርቅ ሜዳሊያዎቿን በብድር መያዣነት አስያዘች። በ2013 ከጭንቅላቷ በስተኋላ ባለው ነርቭ ላይ ቀዶ ሕክምና እስኪደረግላት ድረስ ሕመሙ አልለቀቃትም።

ጋሼ፣ ይህችን ሴት ማን ደካማ ይላታል?


የመስመር ዳኛ፦

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከእኔ በፊት የጻፈችው እህታችንም እንደዚያው ነው።

እኔ የምጨምረው ከሕጉ በኩል ነው። በ2014 የወንዶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ራሱን ተመትቶ ጨዋታውን ቀጠለ። ቆይቶ ዳኛውን ኒኮላ ሪዞሊን ቀርቦ «ይህ ፍጻሜው ነው?» ብሎ ጠየቀው። በ31ኛው ደቂቃ ተቀየረ። የዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ ሐኪሞች በሞሉበት፣ ሰውየው የት እንዳለ ሳያውቅ ይሮጥ ነበር። ያንቺም ልጅ ጥያቄ ያው ነው፤ «አሸነፍን እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ዳኛ ጨዋታውን እስከ ሦስት ደቂቃ አቁሞ ሐኪም እንዲያይ የሚፈቅድ አሠራር መጣ። ግን በዓመቱ፣ በ2015 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ፣ የአሜሪካዋ ሞርጋን ብራያንና የጀርመኗ አሌክሳንድራ ፖፕ ለአንድ ኳስ ዘልለው ራስ ለራስ ተጋጩ። ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረሩ። ሁለቱም ተመለሱ። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ «አይ፣ አይ» ስል እንደነበር አስታውሳለሁ። አስተያየት ሰጪዎቹ ግን ጀግንነታቸውን ያወድሱ ነበር።

አሁን የተሻለ ነገር አለ። ከ2021 ጀምሮ በሙከራ የነበረው ለአንጎል መናወጥ የተፈቀደው ተጨማሪ ቅያሪ፣ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ውድድሮች ሊመርጡት የሚችሉት ቋሚ አማራጭ ሆኖ ሕጉ ውስጥ ገብቷል። የሚደረገው ከተፈቀዱት ቅያሪዎች በተጨማሪ ስለሆነ አሠልጣኙ ቅያሪ ጨርሶም ቢሆን ልጅቷን ማስወጣት ይችላል። የወጣችው አትመለስም፤ ተጋጣሚውም አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል፣ በዚህም ማጭበርበሩ ይቀንሳል። የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ ግን እንደ ራግቢ ጊዜያዊ ቅያሪ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ተጫዋቿ ወጥታ በጸጥታ ስትመረመር ቡድኗ በአሥር ሰው እንዳይጫወት። እኔ በዚህ ከፊፍፕሮ ጋር ነኝ። ቡድኑ በአሥር ሰው ሲቀር ሐኪሙ ላይ የሚደርሰውን ጩኸት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

የውድድራችሁ ደንብ ይህን ቅያሪ የማይፈቅድ ከሆነ ጽፋችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።


የነርቭ ጥናት ተማሪ፦

«ሴቶች ላይ ይብሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ይህን ማለት ግን ስለ ድፍረት መናገር አይደለም።

በ2021 የወጣ አንድ ጥናት በሚሺጋን ግዛት ያሉ የሁለተኛ ደረጃ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ለሦስት ዓመት ተከታትሏል፤ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችና ከ43 ሺህ በላይ ወንዶች ማለት ነው። የሴቶቹ አደጋ ከወንዶቹ 1.88 ጊዜ በልጦ ተገኘ፤ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ወንዶቹ በብዛት የሚጎዱት እርስ በርስ ሲጋጩ ነው፤ ሴቶቹን ደግሞ በብዛት የሚጎዳቸው ኳሱ ወይም የግቡ ቋሚ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት «ሴቶች ሕመማቸውን ስለሚናገሩ ቁጥራቸው በዛ» የሚሉ አሉ። በከፊል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ቁጥር አለ፤ በተጎዱበት ቀን ከጨዋታ የመውጣት ዕድላቸው ወንዶቹ ከሴቶቹ 1.5 ጊዜ ይበልጣሉ። የሚናገሩ ከሆነ፣ ሰሚው የት ሄደ?

ወንዶች ሲጋጩ ድምፅ አለው፣ ሁለት ሰው ይወድቃል፣ ሁሉም ይሮጣል። ልጅቷን ግን ኳስ ብቻ ነው የነካት። አይተን እናልፋለን። በአማካይዋ ልጅ ላይ የደረሰው በትክክል ይኸው ነው።

ሰውነትን በተመለከተ የአንገት ጉልበት አንዱ ነው። ኳሱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ የሚሸከመው አንገት ግን እኩል አይደለም። አንገት ሲላላ ራስ በፍጥነት ይወነጨፋል፤ አንጎልም ከውስጥ ይጠመዘዛል። ያኔ አክሶን የሚባሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። በክሮቹ ውስጥ እንደ ሐዲድ ሆነው ምግብና መልእክት የሚያመላልሱ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ አካላት አሉ፤ በድንገት ሲለጠጡ ይሰበራሉ። በ2018 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያደጉ ሴሎችን ሲያነጻጽሩ የሴቶቹ አክሶኖች ቀጠን ያሉና ጥቂት ማይክሮቲዩቡል ያላቸው ሆነው ተገኙ፤ በእኩል መለጠጥም የበለጠ ተጎዱ።

ጋሼ «ዱላ ማቀበል» ያሉት አሳስቦኛል፤ አስቤበታለሁ። ሴቶችን ከሜዳ ማባረር የተጀመረው ጥናት ሳይኖር ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1921 ኳስ ለሴቶች አይስማማም ብሎ ሜዳዎቹን ዘጋባቸው፤ ለ50 ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። የዚያ መዘዝ ዛሬም አለ። በ2019 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው፣ አንጎልን በሚያመነምኑ በሽታዎች የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሰው 3.5 ጊዜ እንደሚበልጥ ሲያሳዩ፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በፕሮፌሽናልነት ተጫውተው ያረጁ ሴቶች እንዳይኖሩ ተደርጎ ነበርና። በዚያው በ1999ኙ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያገባችው ብራንዲ ቻስቴን በ2016 ከሞቷ በኋላ አንጎሏ ለምርምር እንዲሰጥ ቃል የገባችው ይህ ባዶ ቦታ እንዲሞላ ነው።


የተጫዋች እናት፦

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ልጄ ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ሆና ነበር። ለአሠልጣኟ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናትየዋ ዝም ያለችሽ ስለተቀየመችሽ ላይሆን ይችላል። እኔም ዝም ብዬ ነበር። ቀን ልጄን ስጠብቅ፣ ሌሊት ትንፋሿን ሳዳምጥ፣ ለሌላ ነገር ጉልበት አልነበረኝም። ሂጂና ጠይቂያት።

እኔ የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ ነጥቄ፣ ጓደኞቿ እንዳይመጡ ከልክዬ ለሁለት ሳምንት ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሕመሙ ቀነሰ፣ ልጄ ግን ከሰው ጠፋች። በኋላ ያገኘናት ሐኪም ይህ የድሮ ምክር ነው አለችኝ። አንድ ወይም ሁለት ቀን ረጋ ማለት፣ በእነዚያም ቀናት ስክሪን መቀነስ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ብሎ በእግር መንሸራሸር። ራስ ምታቱ ትንሽ ብቅ ቢል አያስደነግጥም፤ በጣም ከጨመረ ወይም ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ያን ቀን ማቆም ነው። ትምህርት ከኳስ ይቀድማል አለችኝ፤ ግማሽ ቀን ጀመረች፣ ፈተና ለጊዜው ቀረላት።


የ30 ዓመት አሠልጣኝ፦

የጻፋችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። በረኛዋ ልጄ፣ መልስ የለኝም። ሰባት ወር «ሰነፍ» ካሉሽ ሰዎች አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር። ውሃ አፍስሼ የመለስኳቸውን ልጆች ዛሬ በዓይነ ኅሊናዬ እየቆጠርኩ ነው።

የምጠይቀው አለኝ። እኔ በልምምድ የማዕዘን ምት አሻምቼ ልጆቹን በቴስታ ሃያም ሠላሳም ጊዜ አስመታለሁ። እሱንስ እንዴት ላድርገው? መከላከያ የሚባለው የራስ ማሰሪያስ ይጠቅማል?


ፊዚዮቴራፒስት፦

ጋሼ፣ እንዲህ ብለው መመለስዎ ለብዙ ልጆች ይተርፋል።

የራስ ማሰሪያው ለብቻው አይበቃም። በ2019 ከ2,700 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች የተሳተፉበት ጥናት፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ፣ ባሰሩትና ባላሰሩት መካከል በመናወጥ ብዛት ልዩነት አላገኘም። ቆዳን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ አንጎልን ከውስጥ ከመጠምዘዝ ግን አያግደውም። እንዲያውም የሚያሰጋኝ ልጅቷ «ተሸፍኛለሁ» ብላ የባሰ እንዳትደፍር ነው።

ቴስታን በተመለከተ፣ አሜሪካ በ2015 ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክላለች፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ላሉት ታዳጊዎች ደግሞ በልምምድ ላይ ገደብ አድርጋለች። እንግሊዝ ለአዋቂዎች እንኳ ኃይለኛ ቴስታ በሳምንት ልምምድ ከ10 እንዳይበልጥ ከ2021 ጀምሮ መክራለች። ሃያና ሠላሳው በዛ። ትልልቆቹን ቀለል ባለ ኳስ፣ ከቅርብ በእጅ እየወረወሩ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ በትክክለኛው አኳኋን ያስተምሯቸው፤ አገጭ ወደ ደረት ቀረብ፣ አንገት ጠንከር፣ ዓይን እስከ መጨረሻው ኳሱ ላይ። ኳሱንም ከሚገባው በላይ አይንፉት።

ከዚያ ደግሞ አንገት። በ2014 በታዳጊ ስፖርተኞች ላይ የወጣ ጥናት፣ የአንገት ጉልበት በግማሽ ኪሎ ገደማ በጨመረ ቁጥር የመናወጥ ዕድሉ በ5 በመቶ ሲቀንስ አይቷል። እጅን ግንባር ላይ አድርጎ መግፋት፣ አንገት እንዳይነቃነቅ መያዝ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ። ከማሟሟቂያው ጋር አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለአሠልጣኟም ልጨምር። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ያኔውኑ የወጡ ታዳጊዎች በአማካይ በ22 ቀን ሲያገግሙ፣ መጫወታቸውን የቀጠሉት 44 ቀን እንደወሰደባቸው አሳይቷል። ያንቺ ልጅ ገና በሦስተኛው ሳምንት ላይ ናት፤ ተስፋ አትቁረጪ፣ አታስቸኩያትም። አራተኛው ሳምንት ካለፈ በዚህ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ያያት። መመለሷም በደረጃ ነው፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ብቻዋን ከኳስ ጋር፣ ግጭት የሌለበት ልምምድ፣ ሙሉ ልምምድ፣ ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን፤ ግጭት ያለበት ልምምድ ከመድረሱ በፊት ደግሞ የሐኪም ፈቃድ።


የመሀል ተከላካይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቲቱ ቤት ሄጄ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቡና አፍልታ አብረን ተቀመጥን።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን። የቀኝ ተከላካያችን ከበረኛዋ ጋር ተጋጭታ ስትነሳ መሬቱን በእጇ ስትፈልግ አየሁ። አልጠየቅኳትም፤ ቅያሪ ጠራሁ። እያለቀሰች ወጣች፤ ለእናቷም ደወልኩ። ጨዋታውን ተሸነፍን። ልጅቷ እስከ አሁን አኩርፋኛለች፤ ታኩርፍ።

አማካያችን ትናንት ለሃያ ደቂቃ ያህል አብራኝ በእግሯ ተጓዘች። ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ብርሃኑ ገና አልተስማማትም። መንገድ ላይ ድንገት ቆማ «አሠልጣኝ፣ ጎሌን ንገሪኝ» አለችኝ። በቪዲዮ የቀረጸው ሰው የለም። ከቀኝ የተሻገረውን ኳስ በደረቷ አብርዳ፣ አንዷን ተከላካይ በሰውነቷ አታልላ፣ በግራ እግሯ ወደ ሩቁ ቋሚ እንደላከችው ነገርኳት።

«በግራዬ?» አለች። በግራ እግሯ ጎል አግብታ አታውቅም።

«በግራሽ» አልኳት።

እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።